ሳይታዘዝ ስለበረረው የልቅሶ ድንኳናችን

ለክቡር የባሌ ደጋ ወታደራዊ አየር ትርኢት አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ካሉበት ቢሮ፣ ከተዘጋው በር ኋላ።

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ሄሊኮፕተሩም ጭምር ደህና ናቸው ወይ? እኛ የሮቤ ላይ ሰፈር ሰዎች፣ የበልጉ ዝናብ አናታችን ላይ ከመውረዱ በቀር፣ አንዳችን እግዚአብሔር ይመስገን ሌላችን አልሐምዱሊላህ እያልን አለን። እኔ ወይዘሮ ሠርከአዲስ እባላለሁ፤ የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ንብረት ያዥ ነኝ። ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና የልቅሶ ድንኳኑ በእጄ ነው። ይቅርታዎን፣ ድንኳኑ በእጄ ነበር። አሁን በእርስዎ እጅ ነው፤ በግል የጻፍኩልዎ ማመልከቻዎችም እንደ ድንኳኑ የት እንደገቡ ስላልታወቀ፣ ይህኛውን አገር እያየው በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ስለ ዕቅዱ ማማር ላመስግንዎ። በአዳራሹ ሰብስባችሁን ግድግዳው ላይ በምስል ስታሳዩን እኔም ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ሄሊኮፕተሩ ባንዲራ ይዞ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ቀጥሎ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖቹ ባለቀለም ጭስ እየለቀቁ በጎባ በኩል ይገባሉ፤ ጄቶቹ ከላያችን ዝቅ ብለው ያልፉና ወደ ጎሮ ዞረው ይመለሳሉ፤ በመጨረሻ ፓራሹተኞቹ ከክብር እንግዶቹ ፊት ያርፋሉ። ምን ልዋሽ፣ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ጄት በቅርብ ልናይ ነው ብለን ሕፃን ሽማግሌው የተደሰተውን ደስታ እግዜር ያውቀዋል፤ ከገሰራ ድረስ ዘመዶቻቸውን የጠሩ ነበሩ።

ታዲያ ለእንግዶቹ የታዘዘው ነጭ ድንኳን ከአዲስ አበባ ሳይደርስ የልምምዱ ቀን ደረሰና፣ ከቢሮዎ የተላኩ አንድ ትሑት ወጣት መኮንን ወደ እድራችን መጡ። በእድራችን ደንብ ድንኳኑ ከልቅሶ በቀር ለምንም አይወጣም፤ ለሠርግ እንኳ የጠየቁትን በር ላይ መልሰናል፣ የሊቀመንበራችንን የአቶ ደጀኔን የገዛ ልጅ ሠርግ ሳይቀር። ይሁንና አቶ ደጀኔ ዩኒፎርም ሲያዩ እምቢ ማለት ስለማይሆንላቸው፣ ጉባኤውም «ለአንድ ቀን ነው፣ ለዚያውም ለአገር» ብሎ ስላጨበጨበ፣ ድንኳኑን ከነካስማው አስረከብኩ። እንግዲህ ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል፤ እንዳይሰለችዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። በመጀመሪያው ዕቅድ ሄሊኮፕተሩ የሚያርፈው ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ነበር። ይህን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም እናቱ ትባረክ። ነገር ግን በዋዜማው፣ እንግዶቹ የአብራሪውን ፊት ማየት አለባቸው ተብሎ ተወሰነና፣ ማረፊያው ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ ከድንኳኑ አፍንጫ ሥር ተሳለ። እኔ ድፍሯ፣ ያ ሁሉ ንፋስ ወዴት ይሄዳል ብዬ ብጠይቅ፣ «እናት፣ ይሄ የባለሙያ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለሙያ ከተናገረ ንፋስም ይሰማ ይሆናል ብዬ።

ልምምዱ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ያቀደው ማን እንደሆነም ብንነገር ደስ ባለን። በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሳነቴ ወርዶ ሮቤን እንደ ጋቢ እንደሚያለብሳት፣ እዚህ አንድ ሳምንት ያደረ እንግዳ ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ጄቶቻችሁ በሰዓታቸው መጥተዋል፤ አላየናቸውም እንጂ ድምፃቸውን አጥግባችሁናል፣ ስጡን ያለነው ትርኢት ቢሆንም የሰጣችሁንን ጩኸት ተቀብለናል። ሄሊኮፕተሩ ግን ጉሙን ሰንጥቆ ከተሳለለት ቦታ ላይ፣ ከዕቅዱ ስንዝር ሳይዛነፍ ወረደ። ድንኳናችን ሆዱ ተነፋ፤ ካስማው ከመሬት እየተነቀለ ወጣ፤ ከዚያ ድንኳናችን፣ ክቡር ሆይ፣ ተነሣ። በእንግዶቹ ወንበርና በአምቡላንሱ ላይ አልፎ፣ አቶ ዘይነዲን ገና ብቅ ያለ ስንዴያቸውን ካጠሩበት የሽቦ አጥር ላይ አረፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የዕቅዱ አካል መስሎት ነው። በድምፅ ማጉያ የሚያስተዋውቁት ሰውዬም «አሁን የምትመለከቱት…» ብለው ጀምረው ከወረቀታቸው ላይ ድንኳን ይፈልጉ ጀመር። በዕለቱ ሰው በዓይኑ አይቶ የመሰከረለት በረራ ያ ብቻ ስለሆነ፣ ምን ልደብቅ፣ እኔም ለቅጽበት ኮርቼበት ነበር። ወዲያው ሽቦው ሸራውን ሲቀደው ሰማሁና ኩራቴ በነነ።

ሁለተኛ። የተቀደደውን ድንኳን ወታደሮችዎ በሥርዓት አጥፈው መኪና ላይ ጫኑት። እኔ ልወስደው ብል፣ ኮሚቴው አሰፍቶ ይመልሳል ተባለ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መረቅኩ፤ ምርቃቴን ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር። ሳምንት አልፎ ብጠይቅ፣ ሁለተኛ ልምምድ ስላለ ድንኳኑ በዕቅዱ ውስጥ ገብቷል፣ ከዕቅድ አይወጣም አሉኝ። ሁለተኛው ልምምድ በጉሙ ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። ደግሜ ብሄድ ደግሞ፣ ከበረራ ጋር የተያያዘ አደጋ ስለደረሰ ምርመራ ተከፍቷል፣ ድንኳኑም ኤግዚቢት ነው ተባልኩ። ኧረ በሕግ አምላክ! ምን አጥፍቶ? ያለ ፈቃድ በመብረር ነው የተከሰሰው? ጠበቃ ማቆም ካለብን ይነገረን፤ እድራችን ለሟች እንጂ ለታሳሪ የሚል አንቀጽ የለውም፣ ቢሆንም ጉባኤ ጠርተን እናሻሽለዋለን።

በድንኳኑ ፈንታ የላካችሁልን የምስክር ወረቀት ግን ደርሶናል። በመስታወት ተከቶ፣ የወርቅ ቀለም ጠርዝ ተደርጎለት፣ «ለአየር ትርኢቱ መሳካት ላበረከተው የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል። ትርኢቱ ገና አልተደረገም፤ አስተዋጽኦው ግን ላቀ። አቶ ደጀኔ እቤታቸው ሰቅለውታል፤ እኔ በበኩሌ ዝናብ ያስጥል እንደሆነ ብዬ አገላብጬ አይቼዋለሁ፣ አያስጥልም።

ሦስተኛ፤ የደብዳቤው ሁሉ ምክንያት ይኸኛው ነውና እባክዎ ሻይዎን አስቀምጠው ያንብቡልኝ። በሰፈራችን እማማ ወለተኢየሱስ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ እድራችን ድንኳን አልነበረውም። ከቀብር መልስ ዝናቡ ወረደ፣ ለቅሶ ደራሹም በየሰው በረንዳ ተበተነ፤ እሳቸው ሜዳ ላይ ቀሩ። አጥር የሚያዋስኗቸው ጎረቤታቸው አዴ ሃጂራ ብቻ ላስቲክ አምጥተው በእማማ ራስ ላይ ይዘው አብረዋቸው ተቀመጡ። እማማ እስከ ዛሬ «ባሌን ከሃጂራ ጋር ሁለታችን አለቀስነው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በዚህ ሰፈር ከእንግዲህ ማንም በዝናብ አያለቅስም ብለው ተነሡ፤ ከቤት ቤት ዞረው፣ ጎሮ ገበያ ድረስ ወርደው ሸራውን ገዙ፣ አሰፉት። ያ ሸራ ነው እናንተ ዘንድ ኤግዚቢት የሆነው። መስቀል ያለበት ቀብር ለቅሶም የጀናዛ ለቅሶም በሥሩ በእኩል ተቀምጧል፤ የሥሩ መሬት የማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።

እማማ ወለተኢየሱስ አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብለዋል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። በየጠዋቱ አዴ ሃጂራ በአጥሩ በኩል «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው ግን ስለ ሕመማቸው ሳይሆን ስለ ድንኳኑ ነው የሚመልሱት። እኔ ስገባም የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ መጣ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ላም አለኝ በሰማይ ልበላቸው? «ዛሬ ነገ ብለዋል እማማ» እላለሁ፤ ሳቅ ይላሉ። «እንግዲያው ነገ እሞታለሁ፣ ሳይመጣማ አልሞትም» ይሉኛል። ወይ ነዶ! ሐኪም ያቃተውን ዕድሜ ያስረዘመው የእርስዎ ቢሮ ስለሆነ፣ ስለ እማማ ጤንነት ኮሚቴዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን ሴትዮዋ ሕመሙ ጨክኖባቸዋል። ማረፍ የሚፈልግ ሰው በእናንተ ፊርማ ምክንያት ሲሰቃይ ማየት ያንገበግባል፤ ይህን በአሽሙር አልልዎትም፣ በቀጥታ ነው የምልዎት።

አራተኛውን ትቼው ነበር፣ ጅሩ ግን ጻፊልኝ ብሎ ስለለመነኝ ይኸው። ጅሩ የእድራችን ለፋፊ ነው። ጄቶቻችሁ ሲለማመዱ በጠዋት መንገዱን ይዞ ጥሩምባውን በነፋ ቁጥር ከላዩ ያልፋሉ፤ ሰፈሩ ማን እንደሞተ ሳይሰማ ይቀራል። አንዱን ሽማግሌ በጣት በሚቆጠር ሰው ቀብረናል፣ ዘመዶቹ እስካሁን አኩርፈውናል። ከዚያ ወዲህ ጅሩ ጥሩምባውን አፉ ላይ ከማድረጉ በፊት ቀና ብሎ ሰማዩን ይቃኛል። በዕቅዳችሁ ሰንጠረዥ ላይ ለጅሩም አንድ ሰዓት ብትመድቡለት ምስጋናችን ወሰን አይኖረውም።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ትንሽ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ሌላ ወረቀት በመስታወት እንዳይመጣብን ፈርቼ ነው። አዲስ ድንኳንም አልልም። የራሳችንን፣ እንደተቀደደ፣ ጭቃው ሳይታጠብ ይመልሱልን። ሰፈሩ ውስጥ መርፌ መያዝ የሚችል ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ሄሊኮፕተራችሁ የፈለገው ቦታ ይውረድ፤ ጄቶቻችሁም ጉሙን ያስፈራሩት፤ እኛም መጥተን እንደገና እናጨበጭባለን።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎ፣ ስመጣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለመሆንዎ፣ ለትሑቱ መኮንንዎ፣ በተለይም እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አጉል ተስፋ በእጅዎ ጽፈው ስላልሰጡኝ ምስጋናዬን አቅርቤ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ሰማዩም እንዲገለጥልዎ እየተመኘሁ፣ በካስማ በተቸከለ፣ ንፋስ በማያነሳው አክብሮት እሰናበታለሁ።

ወይዘሮ ሠርከአዲስ
የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ንብረት ያዥ (ከድንኳኑ በስተቀር)
ሮቤ

በድጋሚ። ደብዳቤውን አጥፌ ልልከው ስል የጅሩን ጥሩምባ ሰማሁ። ዛሬ ሰማዩን ሳያይ ነው የነፋው። እንደ ሁላችንም ወደ እማማ ወለተኢየሱስ ቤት ሮጥኩ፤ እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እየለበሱ አገኘኋቸው። የሞቱት አዴ ሃጂራ ናቸው። ጠዋት እንደ ልማዳቸው አጥሩ ጋ መጥተው ጠይቀው፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። እሳቸው ድንኳኑ ሳይመጣ አልሞትም ብለው ከማንም ጋር ውል አልገቡም ነበር። ጀናዛው ወጥቷል። አሁን ዝናቡ ይወርዳል፤ ለቅሶ ደራሹ እንደ ያኔው በየበረንዳው ተበትኗል። ከአልጋ የማይነሱት እማማ ወለተኢየሱስ ደግሞ በአዴ ሃጂራ ልጅ ራስ ላይ ላስቲክ ይዘው ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። ልቀበላቸው ብል እምቢ ብለውኛል፤ «ተራዬ ነው» አሉኝ።

ሦስቱ የለቅሶ ቀን ሳያልፍ ድንኳኑን ይላኩልን፣ ክቡር ሆይ። መኪና ከቸገረዎ በአየር ይልቀቁት፤ መብረሩን እንደሆነ እናንተው አስተምራችሁታል።