የጋሽ ፊሽካ ሦስት ጥያቄዎች

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ፊሽካ» የሚሏቸው አባታችን ከከባድ መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። በሒሳብ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ በ1972 ዓ.ም. በትንሹ ዩኒቨርሲቲያችን መምህር ሆነው ተቀጠሩ። በ1974 የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

የዩኒቨርሲቲው እግር ኳስ ቡድን በ1976 ሲቋቋም አሰልጣኝነቱን እሺ ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። ተጫዋቾቹ አሥራ አንድ ብቻ፣ ተቀያሪ የሚባል የለም፤ ማሊያውንም የሰፉት አያታችን ናቸው።

በ1979 ቡድኑ የመጀመሪያ ድሉን ባገኘበት ጨዋታ በረኛው ከግቡ ቋሚ ጋር ተጋጨ። አባታችን ራሱ ላይ ውሃ አፍስሰው «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ብለው መለሱት። ልጁም ጨዋታውን ጨረሰ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻቸው ላይ አንቀላፋ፤ ደክሞት ነው ብለው ጃኬታቸውን ደረቡለት። ግቢው በር ደርሰው ቢቀሰቅሱት አልነቃም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን ፈሪ ሰው ሆኑ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። ራሱን የተመታ ተጫዋች ሁሉ ይጠየቃል፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው የምንጫወተው? ስንት ለስንት ነን? አንዱን የሳተ ይወጣል፣ ቡድኑ በዘጠኝ ሰው ቢቀርም። በ1991 የዋንጫ ጨዋታ ላይ አጥቂው ውጤቱን ስለሳተ አስወጡትና ቡድኑ ተሸነፈ። ደጋፊው የውሃ ጠርሙስ ወረወረባቸው፤ አስተዳደሩም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። መልሳቸው «ዋንጫው ይቅር፣ ልጁ እቤቱ ይግባ» የሚል ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥም ከቁም ሳጥን በር ጋር የተጋጨ ልጅ ጥያቄው አይቀርለትም። እናታችን «እኔንስ ላገባህ እሺ ያልኩህ ቀን ምነው ሳትጠይቀኝ ቀረህ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን በዚህ ነገር ስቀው አያውቁም።

በ2014 መርሳት ጀመሩ። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ወደ እኛ ዞረ። ስማችንን ሲያምታቱ፣ የገዛ ሰፈራቸው ሲጠፋቸው እያየን፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ሊጠይቃቸው የደፈረ አልነበረም። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ግንባራቸውን ሲመቱ ግን እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ምርጫ አልነበረኝም። ቀኑን ጠየቅኳቸው። ከማን ጋር እንደምንጫወት ጠየቅኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ሁለት እጃቸውን አንስተው አሽከረከሩ፤ ተጫዋች ይቀየር የሚሉበት ምልክታቸው ነበር። ከዚያ እጄን ይዘው ራሳቸው ሄደው ተቀመጡ።

በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነርሶቹን «ልጁ ነቃ?» እያሉ ሲጠይቁ ሰንብተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከዚያ አውቶቡስ ወዲህ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ድረስ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ ይዘውት ወጥተው ቤቱ ያልመለሱት አንድም ተጫዋች የለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከዚያ በረኛ ጎን ያሳርፍ፤ ልጁም ነቅቶ ይቀበላቸው።