ከብረቱ ጀርባ ላልታየ ጭስ ማውጫ ስለተሰጠ የደኅንነት ማረጋገጫ

ለእሳት አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ ሳይታይ የተፈረመ ማረጋገጫ እንዲሰረዝና ምድጃው ተስቦ ጭስ ማውጫው እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በያጅ ነኝ። በድሮ ቤቶች የግድግዳ ምድጃ ውስጥ የሚገባ፣ ባለመስታወት በር የብረት ምድጃ ሠርቼ እገጥማለሁ። በሰፈራችን የራሴን ጨምሮ አሥራ አንድ ቤት ገጥሜአለሁ። ቧንቧውን እስከ ጣሪያ ማድረስ ሲገባኝ በአሮጌው የጡብ ጭስ ማውጫ ውስጥ አንድ ክንድ ብቻ ወደ ላይ ሰድጄ እተወው ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ አጎቴ «ጭስ መንገዱን አይስትም» ይሉ ነበር፤ እኔም ሞኙ አመንኩ። ስለዚህ ክሱ ከራሴ ይጀምራል።

2. ተቆጣጣሪዎ እኔ ቤት ሲመጡ ያዩት መስታወቱን ነው። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ «ያምራል» አሉ። ጀርባውን እንዲያዩ ምድጃውን ልሳብልዎ ብላቸው «ልብሴን ጥቀርሻ ልታስነካው ነው?» ብለው ሳቁ። ግቢ ወጥተው ቀና ሲሉ ጭስ አዩና «ጭስ ማውጫው ታይቷል፣ ደህና ነው» ብለው ፈረሙ። ያዩት ጭስ የጎረቤት ነበር፤ የእኔ ምድጃ ያኔ ገና አልተለኮሰም ነበር! እያወቅኩ ዝም አልኩ። ወረቀቱን ፈልጌው ነበራ። የሌሎቹንም አሥር ቤቶች እንዲሁ ከግቢ ቆመው ነው የፈረሙት።

3. ባለፈው ሳምንት ፎቅ ላይ የምትተኛው እናቴ በቀን፣ ምድጃው እየነደደ ሳለ፣ ራሷን ስታ ተገኘች። ሐኪሙ የጭስ መርዝ ነው አለ። ተርፋለች፤ ስሜን ግን አሁንም ትስተዋለች። ምድጃዬን በገዛ እጄ ነቀልኩት። ከጀርባው ጡቡ ተሰንጥቋል፤ የወፍ ጎጆ ከጥቀርሻ ጋር ተጋግሮ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ በስንጥቁ በኩል ያለው የወለል እንጨት ከሰል ሆኗል። ሽታው እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወጣም።

4. ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ስናገር የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «የአንተ ተነቅሏል አይደል? ሌሎቹ መች አመለከቱ?» አሉኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው። ተቆጣጣሪውም «የማይታይ ነገር መመርመር በሥራ ዝርዝሬ የለም» አሉ። ታዲያ የማይታየውን «ታይቷል» ብሎ መፈረም አለ? ተጸየፍኩ፤ እናንተንም ራሴንም።

5. የአሥሩን ቤት በር አንኳኳሁ። ዘጠኙ አስነቀሉኝ፤ የሰደቡኝም የመረቁኝም አሉ። አሥረኛዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ግን አሻፈረኝ አለች። ጨቅላ ልጇ የሚተኛው ከምድጃው በላይ ባለው ክፍል ነው። የእናቴን ነገር ብነግራት ማኅተማችሁ ያለበትን ማረጋገጫ አውጥታ አሳየችኝ፤ «እነሱ ደህና ነው ያሉትን አንተ ማን ነህ? ልጄን ብርድ ልታስመታው ነው?» ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ምን ታድርግ፣ ያመነችው እናንተን ነው።

6. ስለዚህ የእሷ ማረጋገጫ ዛሬውኑ እንዲሰረዝ፣ ተቆጣጣሪውም መብራት ይዘው፣ ምድጃው ተስቦ፣ ጭስ ማውጫውን ከታች እስከ ላይ እንዲያዩና ያዩትን በገዛ አፋቸው እንዲነግሯት በትሕትና አመለክታለሁ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልመጡ በሯን ገንጥዬ ገብቼ እሳቱን በባልዲ ውሃ አጠፋለሁ። ለፖሊስ ብትነግሩ አልቀየምም፤ አድራሻዬ ከታች አለ። እናቴን በጀርባዬ አዝዬ ደረጃ አውርጃለሁ፤ የሰው ሕፃን ግን አላወርድም።

ከሰላምታ ጋር፣ ባፈረ እጅ፣

(ፊርማ)
ምድጃውን የገጠመው በያጅ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ በሩ ያልተቀባው የብረታ ብረት ሱቅ