ፖይንቶችህን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ

ደሬ ሆዴ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ዐሥራ አንድ ቀን ቀረው። የአንተን ጤና አልጠይቅም፤ የእኔን ከጠየቅከኝ ግን ደህና አይደለሁም። የምናዘዝልህ ነገር አለ። ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ድረስ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ።

ሳምሪ ልጃችን ከኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ አሌክሳንድርያ ሥራ ይዛለች። መሥሪያ ቤቷ አንተ ስትሠራበት ከነበረው መነጽር ቤት ብዙም አይርቅም፤ በዚያ በኩል ላለማለፍ ግን ዞራ ነው የምትሄደው። እኔ አሁንም እዚያው የአረጋውያን መጦሪያው ነው የምሠራው። መኪናህን ሸጥነው። የሲልቨር ስፕሪንጉን አፓርትመንት አለቀቅንም፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት ዛሬም ቢላ ካላስደገፉት አይቆምም። ደግሞ እናትህ መጥተዋል። አዎ፣ እማማ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው እዚህ ናቸው፤ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ሳምሪ አልጋዋን ለቃላቸው ሶፋ ላይ ትተኛለች።

ኑዛዜዬም የእሳቸው ነገር ነው።

ምግብ ቤት ገብተን ሒሳብ ሲመጣ ያገራችን ሰው «በሞቴ እኔ ልክፈል» እየተባባለ ሲታገል፣ አንተ መሐል ትገባና «ማንም ክፈሉ፤ ብቻ ካሹን ለእኔ ስጡኝና በእኔ ካርድ ቻርጅ ላድርገው» ትል ነበር። እኔ በኀፍረት አንገቴን እደፋለሁ። ሠርግ ሲደገስ የመጠጡን፣ የማኅበር ተራ ሲደርስ የሥጋውን፣ ጓደኛህ ጎማ ሲቀይር የጎማውን እንኳ በአንተ ክሬዲት ካርድ ትከፍልና የሰዎቹን ጥሬ ገንዘብ ተቀብለህ መልሰህ ለባንኩ ታስገባለህ። ትርፉ ባንኩ የሚሰጥህ ፖይንት ነበር፤ ሲጠራቀም በአውሮፕላን ትኬት የሚመነዘር። ጓደኞችህ «ባለ ፖይንቱ» የሚል ስም አወጡልህ። ከእነሱ ጋር እኔም ስቄብሃለሁ።

አንተ አልተቆጣህም። «እማዬን ለሳምሪ ምረቃ በፖይንት አመጣታለሁ» አልክ፤ ስንት ዓመት ለቃቅመህ ሞላልህ። እማማ በሦስተኛው ሙከራ ቪዛ ያገኙ ዕለት በቫይበር «እማዬ፣ ትኬትሽ እጄ ላይ ነው» ስትላቸው አጠገብህ ነበርኩ። እልልታቸው ጆሮህን ቢበሳህ እየሳቅክ ስልኩን አራቅከው። የቀረው የመምጫቸውን ቀን ቆርጦ ፖይንቱን በትኬት መለወጥ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልብህ ቆመ።

ከሠልስትህ በኋላ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ለብቻዬ ጠሩኝና «የሟች ዕዳ ነፍሱን ያንገላታል፤ ዐርባው ሳይደርስ አጽጂለት» አሉኝ። ካርዱ ላይ የነበረብህ ብዙ አልነበረም። ሳምሪ ትምህርት ቤት ነበረች፤ እስክትመጣ አልጠበቅኋትም። ለባሌ ነፍስ የማደርገውን በራሴ እጅ ላድርገው ብዬ ደወልኩ። ከፈልኩ። አካውንቱን ዝጉልኝ አልኩ። ሴትዮዋ ከመዝጋቷ በፊት ረጅም ነገር በጥድፊያ አነበበችልኝ። ፖይንት የሚል ቃል ሰምቻለሁ፤ አልዋሽህም። ሌላ ካርድ ልታስወስደኝ መሰለኝና «ምንም አልፈልግም፣ ዝጊው ብቻ» አልኳት። ከዚያ አማተብኩ። ዕዳ ሳይኖርብህ ትሄዳለህ ብዬ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ።

ሳምሪ ስትመጣ በኩራት ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ደውላ ስትከራከር ዋለች፤ ፖይንቱ ከአካውንቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል፣ አይመለስም አሏት። «ማሚ፣ ኢትስ ኦል ጎን» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ስህተትን አንተ ይቅር ትላለህ፣ አውቅሃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም።

እማማ ደብረ ብርሃን ላይ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ካረዳቸው በኋላ ደወሉልኝ። «የልጄን አፈር ልየው፤ ትኬቴ እጁ ላይ ነበር፣ ላኪልኝ» አሉ። ዝምታዬ ሲረዝምባቸው ራሳቸው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልጄ እኔን ደስ ሊያሰኝ ነው እንጂ ትኬትም አልነበረውም፤ አይደል?» አሉኝ።

ዝም ብልም አንድ ነገር ነበር። «አዎ እማማ» አልኳቸው።

ፈርቼ ነው ደሬ። የልጃቸውን የዓመታት ድካም በአንድ ስልክ ያጠፋች ምራት ላለመባል ነው። አንተ ከእንግዲህ ሰው ፊት አትቆምም፣ አታፍርም፤ ስለዚህ በአንተ ላይ ጣልኩት።

ከዚያ ካሳ የከፈልኩ መስሎኝ ኦቨርታይም እየሠራሁ ትኬታቸውን ገዛሁ። ባሰብኝ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ልጄ በአፉ የሸነገለኝን ምራቴ በጉልበቷ ፈጸመችው» እያሉ ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። አንዱ ጓደኛህማ «ያ ሁሉ ፖይንት ለካ ወሬ ነበር!» ብሎ ሳቀ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ያንተን ስም አብሬህ የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ መቃብርህ ዘንድ ወሰድኳቸው። አልቅሰው አልቅሰው ሲያበቁ ድንጋዩን በመዳፋቸው እያሻሹ «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ለዚያች ውሸትህ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉህ። ባላጠፋኸው ጥፋት ይቅር ተባልክ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

አልረሳህም ማለት ለማንም ቀላል ነው። እኔ ቃል የምገባልህ እንደነበርክ አድርጌ ላስታውስህ ነው። ቃሉን የጠበቀ ልጅ ነበርክ። በሙት ዓመትህ ጓደኞችህ ሁሉ ባሉበት፣ የሳቀውም ባለበት፣ ተነሥቼ እናገራለሁ። ያልተነገረልህን እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ ስነግርልህ እኖራለሁ።

ግን ከጓደኞችህ በፊት እናትህ አሉ። አሁን ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፣ ለደረጀ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉና «እስቲ አንብቢልኝ፤ ምን እንዳልሽው እኔም ልስማ» አሉ።

እሺ ብያቸዋለሁ። ስሜን ልጻፍና ከላይ ጀምሬ አነብላቸዋለሁ።

ሚስትህ አስቴር