የኤርኔስቶ መሥሪያ ጠረጴዛና የሀጂራ ጉትቻ

ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አዳማ።

እኔ ወይዘሮ አሰለፈች ኤርኔስቶ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ እንደተሟላ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በመኖሪያ ቤቴ ከዚህ በታች በተጠቀሱት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ፈቃዴን ተናግሬ አስጽፌያለሁ። ወራሾቼ ከሟቹ ባለቤቴ ከአቶ ኃይለየሱስ የወለድኋቸው ቢኒያምና ሃኒ ናቸው።

አንደኛ፦ ዓለም ጤና ከተማ ያለው ቤትና የሽንኩርት መጋዘን ለቢኒያም ይሁን። ደክሞ ያቀናው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ገበያው አጠገብ ያለው ወርቅ ቤቴ፣ ከአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛና ከመሣሪያዎቹ ጋር፣ ለሃኒ ይሁን። ቢኒያም፣ «እማዬ፣ ወርቅ ሥራ ለሴት ምን ያደርግላታል? አፍርሰን ፎቅ እንሥራበት» ብለኸኛል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቴን ስማኝ።

አያትህ ኤርኔስቶ የተወለደው ጣሊያን አገር፣ ፖ በሚባል ትልቅ ወንዝ ዳር፣ ቫሌንዛ በምትባል ከተማ ነው። እንደነገረኝ ከሆነ ጥንት የወይን ገበሬዎች አገር ነበረች። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ አንጥረኛ ሱቅ ከፈተ፤ ከእሱ የተማሩት ደግሞ የየራሳቸውን ከፈቱ፤ እያደር ወርቅ ሥራ የከተማዋ እንጀራ ሆነ። በአያትህ ልጅነት ምድር ቤቱ መሥሪያ፣ ፎቁ መኖሪያ ነበር። ወንዶቹ የሠሩትን ሴቶቹ ይወለውሉታል። «ያለ እናቴ እጅ የአባቴ ወርቅ አያበራም ነበር» ይለኝ ነበር። አዳማ መጥቶ ይህን ወርቅ ቤት ከከፈተ በኋላ እኔን ሴት ልጁንም ሳያቅማማ አጠገቡ ያስቀመጠኝ ለዚህ ነው።

አንተን አርግዤ ሳለሁ የወንድሙ ልጅ ከቫሌንዛ ሊወስደው መጣ። ሻንጣውን አዘጋጅቼ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ወረደ።

«አባባ፣ ምን ረሳህ?» አልሁት።

«ወንዙ ያለ እኔም ይፈሳል። አንቺን ግን ማን ያርስሻል?» አለኝ።

እናቴ ሞታ ነበርና የአራስ ገንፎዬን ያገነፋልኝ እሱ ነው። ያስተማረችው ጎረቤታችን ሀጂራ ናት። የመጀመሪያው ቢያርርም በልቼዋለሁ።

ዓይኔ ሲደክም ሃኒ የላንጋኖውን የሆቴል ሥራ ትታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። እጇ የአያቷ እጅ ነው። አንቺም ልጄ፣ መማር ለፈለገ ሁሉ ሙያውን አትደብቂ።

ሦስተኛ፦ በመሳቢያዬ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው የወርቅ ጉትቻ ለዚችው ለሀጂራ ይሰጥ። አባቴ ለሠርጓ የሠራላት ነው። ልጇን ለማሳከም ስትሸጠው፣ የገዛው ሰው ሊያስቀልጠው እኔ ዘንድ አመጣው። እሳቱን አነደድሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ለሰውዬው በራሴ ወርቅ ተክቼለት ጉትቻውን አስቀረሁት። በሕይወቴ ብሰጣት፣ ምጽዋት ነው ብላ አትቀበለኝም። ከሞትሁ በኋላ ግን ከማን ጋር ትከራከራለች?

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ኑዛዜው ተጽፎ እንዳበቃ ለተናዛዧና ለምስክሮቹ ተነበበ። አቶ ቢኒያም ስለ ሁለተኛው የሚሉት እንዳለ ሲጠየቁ፣ «የሱቁ ጣራ ያፈሳል፤ እኔ እቀይርላታለሁ» አሉ።

ኑዛዜው ሲነበብ ገብተው ከቤተሰቡ ጋር ይሰሙ የነበሩት ጎረቤቷ ወይዘሮ ሀጂራም ተነሥተው፣ «አሰሉ፣ እስክትሞቺ ቁጭ ብዬ የምጠብቅ መስሎሻል? አሁኑኑ አምጪው!» አሉ። ወይዘሮ ሃኒ ጉትቻውን ከመሳቢያው አወጡ። ተናዛዧም በገዛ እጃቸው በሀጂራ ጆሮዎች ላይ አጠለቁት። በዚህ ምክንያት ጽሕፈቱ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ነበር።

ከዚያም ተናዛዧ፣ «ሦስተኛው ይሰረዝ። ዕቃው ለባለቤቱ ደርሷል» ብለው አዘዙ። ተሰርዟል።

ተናዛዥ፦ አሰለፈች ኤርኔስቶ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ መርዳሳ ባጫ (ፊርማ)፣ መሰለች ገርባ (ፊርማ)፣ ጃዕፈር አብዱልጀባር (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር፦ ኪዳነወልድ ተሰማ (ፊርማ)