ቦራ ሳትፈላ ሊማሊሞን ወጣች

ይድረስ ለአባዬ፣ ከልጆችህ አስበልጠህ መኪናህን ለወደድከው፤

ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሞላህ። እዚያ እንዴት እንደሆንክ አልጠይቅህም፤ ብርድ የለም ይላሉ፣ ስለዚህ ከደባርቅ ሳይሻል አይቀርም። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከሙት ዓመትህ ማግስት ጥቁር ልብሷን አወለቀች። እህቴ ዓለም የፊት ጥርሶቿ በቅለው ምላሷ እኔን ያስንቃል። መኪናህ ቦራም ደጃፋችን ላይ አለች። የጻፍኩልህ የእሷን ነገር ልነግርህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ትዝ ይልሃል፣ ቦራ ያልካት ኮፈኗ ግንባሩ ላይ ቀለሙ በእንፋሎት ተልጦ ነጭ ስላወጣ ነው። ከዛሪማ ሰው ጭነህ ሊማሊሞን ሽቅብ ስትመጣ የማትፈላበት ቀን አልነበረም። እኔም ልጅ ሳለሁ ከኋላ ወንበር ሆኜ በጥርሴ መሃል «ፍሽሽሽ» ስል ዘለህ ወርደህ ኮፈን ትከፍት ነበር። ስትነቃብኝ አንዱን ጠመዝማዛ በእግሬ ታስወጣኝና ላይ ቆመህ እየሳቅክ ትጠብቀኛለህ። ምን እንደሚያስቅህ አይገባኝም ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ የእማዬ ወንድም፣ አጎቴ ጌጡ፣ ሊያጽናናን መጣ። እያጽናናን ሳለ ዓይኑ ቦራ ላይ አረፈ። «ይቺ አሮጊት ስትፈላ ኖራ ገንፎ ሆናለች፤ ሞተሯን ለወፍጮ እንሽጠው» አለ። ያንተ መኪና የሰው ገብስ ልትፈጭ። የእማዬም ልብ ሸፈተ፤ ቦራ እየፈላች ያንን ዳገት ስንቴ በእግሯ እንደወጣችው ታውቃለህ። ስለምናት ከርሜ በመጨረሻ ፈረደች፤ ቦራ ለሙት ዓመትህ እህትህን እትዬ ዘርፌን ከዛሪማ ሳትፈላ ካመጣች ትቀመጥ፣ ከፈላች ትሸጥ። አጎቴ ምስክር ሆኖ አብሮኝ ሊሄድ ተስማማ። ደስ እያለው ነው የተስማማው።

እኔም እልህ ያዘኝና ቦራን እየለመንኩ ዳባት፣ መካኒክህ ጋሽ ሞላ ዘንድ ወሰድኳት። እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ ተምሬ አላውቅም፤ የድሮው የስምንተኛ ክፍል አስተማሪዬ ቢያየኝ ታመመ ይል ነበር። ጋሽ ሞላ መጀመሪያ ያሉኝ ሞተር መሞቁ በሽታ አይደለም ነው። የሚገነዘው የቀዘቀዘ ነው አሉ፤ ይቅርታ አባዬ፣ ያሉት እሳቸው ናቸው። ሞተር የራሱ ልክ አለው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች ተኝቶ ከዋለ ነዳጅ ይበላል፣ ብረቱም ቶሎ ያልቃል። መሃል ወጥቶ እዚያው ከቆመ ጤነኛ ነው። የሚያስፈራው ወደ ቀዩ ሲያልፍ ነው። አንተ ግን ቀስቱ ቀና ባለ ቁጥር ታቆመን ነበር። ደግሞ አገራችን ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን አጥብቆ ሲያፍነው ነው የሚታገሰው። የኛው ክዳን ላስቲኩ ተበልቶ በጨርቅ ጠቅልለኸዋል። ጨርቁ የእማዬ ነጠላ ጥለት ነው። እስካሁን አልነገርኳትም።

ትልቁ ጉድ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ጋሽ ሞላ ክዳኑን ከፍተው በባትሪ ሲያዩ የራዲያተሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይዟል፣ ቱቦዎቹ ተደፍነዋል። ምን ውሃ ነው የምታጠጧት አሉኝ። ሳቄ መጣ። ጠበል ነዋ። ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ምንጭ በየቅዳሜው ጀሪካን ትሞላለህ፤ ለኛ አንዳንድ ኩባያ፣ የቀረው ለእሷ። ቦራ ከኔ በላይ ተጠምቃለች። ያ ውሃ ለካ ኖራ የበዛበት ነው። በፈላች ቁጥር ኖራው ይጋገራል፣ መንገዱ ይጠባል፣ መንገዱ ሲጠብ መልሳ ትፈላለች፣ አንተም መልሰህ ጠበል ትጨምርላታለህ። እንዳትታመም ብለህ ነው ያሳመምካት።

አፍስሼ የዝናብ ውሃ ልሞላ ነው ስላት እማዬ አማተበች። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድን። አሰብ አደረጉና፣ «ጠበል ለሚያምን ነው፤ ብረት ምን ያምናል» አሉ። ነገር ግን የሰው እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋምና ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር እንድደፋው አዘዙኝ። ያንን ዝገት የመሰለ ውሃ በባልዲ ተሸክሜ በገበያው መሃል ሳልፍ ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል፤ የአባቴ እምነት ነው እላለሁ። መቀለዴ ነበር። ዛፉ ሥር ስደርስ ግን እጄ አልደፋ አለኝ፤ ትንሽ ቆሜ ነው ያፈሰስኩት።

ከዚያ ከጋሽ ሞላ ጋር ራዲያተሩን አውርደን ቅርፊቱን አጠብን፣ ክዳኑን ቀየርን። በቀኑም ከአጎቴና ከዓለም ጋር ዛሪማ ወርደን እትዬ ዘርፌን ከነሙክታቸው ጫንን። እትዬ ዘርፌና ዓለም ከኋላ፣ ሙክቱ በመሃላቸው፤ አጎቴ ከጎኔ ጀሪካን አቅፎ ቀስቱ ላይ አፍጥጧል። በከባድ ማርሽ ሳልቸኩል ጀመርኩት። ቀስቱ ወጣ፣ መሃል ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። አንተ ሁልጊዜ የምትቆምባት ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ከኋላ «ፍሽሽሽ» የሚል ሰማሁ። ክው አልኩ። አጎቴ «አቁም፣ አላልኩህም!» እያለ ገና ሳልቆም በሩን ከፈተ። ወርጄ ኮፈኑን አነሳሁ። እንፋሎት የለም፣ ጠብታ የለም። ዞር ስል ዓለም አፏን በሙክቱ ፀጉር ሸፍና ትንፈቀፈቃለች።

ጠመዝማዛውን በእግሯ አስወጣኋት። አጎቴም ወርዶ ስለነበር አብሯት ወጣ፤ ሙክቱ ግን ተከብሮ በመኪና ሄደ። ላይ ሆኜ ስጠብቃቸው ዓለም እያለከለከች ብቅ አለች፣ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ያንተ ሳቅ ያኔ ገባኝ አባዬ።

ቤት ስንደርስ እማዬ ኮፈኑን በመዳፏ ነካ አድርጋ «ሞቃለች» አለች። «ደህና ናት ማለት ነው» አልኳት። አጎቴ ሙክት አራጅ ፍለጋ ሄደ።

እናም ቦራ አትሸጥም፤ በእኔ ይሁን። ጠበሉን አሁንም በየቅዳሜው እቀዳለሁ፤ ለእሷ በትንሽ ጠርሙስ መስተዋቷ ላይ አንጠለጥልላታለሁ፣ ራዲያተሯ የዝናብ ውሃዋን ትጠጣ። ያቺ ጠመዝማዛ ላይ በደረስኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ሞተር አላጠፋም፣ ኮፈን አልከፍትም፤ ስምህን ጠርቼ ዳገቱን እቀጥላለሁ።