ከዘርፌ እጅ አልበላም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ጉሮሮ ተሻለሽ ወይ? ከዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስላንቺ ደግ ደጉን ስለሚያወራ ደህና ነሽ ብዬ አምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎኛል፤ ሌላው ሙሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ ዛሬ ምን ነካት እንደምትዪ አውቃለሁ። መጀመሪያ ስልክ ደውዬ ነበር። በፍቃዱ አነሳው። ሃሎ፣ ማን ልበል ሲል ዘጋሁት። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ተኝቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰማሁት ሰው ማን ልበል ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ? ስለዚህ ይህን ወረቀት አገር ቤት ለምትሄደው ለጎረቤቴ ለየምስራች ሰጠኋት። አንብበሽ እንዳትስቂ። ብትስቂም ግድ የለኝም፤ ደክሞኛል።

ሥራዬን ሰምተሽ ይሆናል። ሆም ኬር ነው፤ በኤጀንሲ በኩል አረጋውያን እጦራለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶብስ አሌክሳንድሪያ ድረስ እመላለሳለሁ። አሁን የያዝኳቸው እማማ ብርሃነሽ የሚባሉ የደብረ ታቦር ሴት ናቸው። አእምሯቸው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ልጃቸው አብርሆት ክሪስታል ሲቲ ቢሮ ትሠራለች፤ ጠዋት እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። አማርኛ የሚችል ሰው ስትፈልግ ከርማ እኔን ስታገኝ እልል ነው ያለችው።

እልልታው ግን አንድ ቀን አልዋለም። እማማ ገና በር ላይ ሲያዩኝ ዘርፌ! ብለው ጮኹ።

አዎ፣ ያቺው በቴሌቪዥን የተጫወትኳት ዘርፌ። ድራማችን እዚህ በካሴት ተቀድቶ በየሐበሻው ሱቅ ይከራይ ነበር። እማማ ሙሉውን አላቸው፤ ሌላ ነገር አያዩም። ለእሳቸው እኔ ጓደኛዋን ሰናይትን መርዝ አብልታ የገደለች፣ ባሏንም የወሰደች አረመኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ያቺ የዋህ ሰናይት ነሽ፤ ነፍስሽን ይማረውና።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ላንቺ ሙክት ሲልክልሽ፣ እኔን መርካቶ ውስጥ ሴቶች በጃንጥላ ይደበድቡኝ ነበር። አንድ ባለ ታክሲ ዘርፌን አልጭንም ብሎ ዝናብ ላይ አውርዶኛል። እያለቀስኩ ቤት ስገባ በፍቃዱ ይህማ የችሎታሽ ምስክር ነው ይለኝ ነበር። ያው አዘጋጅ አይደል! እኔም ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም ሐበሻ ምግብ ቤት ስገባ ዘርፌ አይደለሽም ወይ ብሎ አብሮኝ ፎቶ የሚነሳ ሞልቷል። ስሜን የሚጠይቅ ግን የለም።

ወደ እማማ ልመለስ። ከእጄ አይበሉም። ውሃ እንኳ ካቀበልኳቸው ማጠቢያው ላይ ይደፉታል። በአገራችን ወግ አሳላፊ ቀምሶ አይደል የሚያቀርብ? እኔም ፊታቸው ቀምሼ አቀረብኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ያን ጊዜም ቀምሰሽ ነው የሰጠሻት፣ መርዙ ጥፍርሽ ሥር ነበር! ወይ ጉድ! እውነታቸውን ነው። የጥፍሩ ነገር ድርሰቱ ላይ አልነበረም፤ ልምምድ ላይ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ጥፍሬን ከሥሩ ቆርጬ ባሳያቸው ማስረጃ አጠፋሽ አሉኝ።

ውጪልኝ ቢሉ እንኳ አንድ ነገር ነበር። እሱንም አይሉም። ፖሊስ እስኪመጣ ዓይኔ ሥር ትሁን፣ ካመለጠች ሌላ ሰው ትፈጃለች ነው የሚሉት። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ግን ሴትዮዋ አልቀዋል። አብርሆት ማታ መጥታ በምታጎርሳቸው ብቻ ነው ያሉት። ሐኪሙ እስከ ገና ካልተሻሻሉ ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ መግባት አለባቸው ብሏል። እዚያ ደግሞ አመመኝ ቢሉ በቋንቋቸው የሚሰማቸው የለም። አብርሆት ኤጀንሲውን አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው ብትለምን የለም አሏት፤ ሥራዋን ትታ እንዳትቀመጥ የቤቱን ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት። ባለፈው ጓዳ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋትና አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ዘርፌ አይደለሁም ማለቱን ተውኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ብዬ ማን ሰማኝ? ዘርፌ ከሆንኩ አይቀር እንደ ዘርፌ ይቅርታ ልጠይቅ አልኩ። ከመኪና ማቆሚያው፣ በአበባው ዙሪያ ከደረደሯቸው ድንጋዮች ደህናውን መርጬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። አሳንሰር ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ሕፃን የታቀፍኩ መስሏት ፈገግ ብላ ጎንበስ አለችና አይታው ደንግጣ ቀና አለች። ገብቼ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጭኜ እማማ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

እህቴ፣ መድረክ ላይ ስንቴ ተንበርክኬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ደርሶብኝ አያውቅም። ጓደኛዬን ከድቻለሁ፣ ትዳሯን አፍርሻለሁ፣ ማሩኝ ስል እንባዬ ሳልጠራው መጣ። ቃሉ ከአፌ እየወጣ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን እኔ የምናገረው አልነበረም፤ የምሰማው ነበር። አንድ ቀን በሬን አንኳኩቶ እንዲህ የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ድንጋዩ እንኳ ይቅርብኝ፣ ቃሉን ብቻ። እሱን ተይው አሁን። ጉልበቴም የባሰበት ያን ቀን ነው።

እማማ ድንጋዩን ከአንገቴ አነሱልኝ። እኔን አልበደልሽኝም፣ የበደልሽው ያቺን ምስኪን ነው፣ ልትምርሽ የሚገባት እሷ ናት አሉ። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ፣ ሰናይት እኮ አልሞተችም፣ ጸበል ተጠምቃ ድናለች፣ አዲስ አበባ አለች አልኳቸው። ከዚያ እንግዲያው ማርኳት ብላ በአንደበቷ ትንገረኝ፣ ያን ጊዜ ከእጅሽ እበላለሁ አሉ።

አብርሆት ውድብሪጅ ያለች ጓደኛዋን በስልክ ሰናይት ነኝ አስባለቻት። እማማ የሰናይትን ድምፅ ላጣው ነው ወይ ብለው ስልኩን ወረወሩት። የልጃቸውን ስም ይረሳሉ፣ ያንቺን ድምፅ ግን አይረሱም። ስለዚህ እህቴ፣ ያለነው ባንቺ እጅ ነው።

የቤቱን ቁጥር የምስራች ይዛዋለች። በናንተ ከሰዓት በኋላ ደውዪ፤ እዚህ የቁርስ ሰዓት ነው። እማማ ማለት እንዳትረሺ፣ አንቱ በያቸው። ድኛለሁ በዪ። ዘርፌን ማርኳት በዪ። አይከብድሽም፤ የምትናገሪው እንደ ተበዳይ ነው፣ እሱ መቼም ቀሎሽ ነው የኖረው። ይህችን የመጨረሻዋን ልሰርዛት ብዬ ነበር፤ ትቆይ።

ሲጨርሱ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኛል። እኔ ገንፎውን ይዤ እዚያው እቆማለሁ። ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣ እባክሽ፣ ወዲያው እንዳትዘጊው።

እንግዲህ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ከመድረክሽ በፀጋ እንጂ በክፉ አያውርድሽ። የወለድሻትን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ አባቷን ትመስላለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ደስ ይላል። ለእሱ ሰላምታ ማድረሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ያው እህትሽ