በእናታችን ቀብር ስላላለቀስሁበት ጉዳይ

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

«አመልካቹ በወላጅ እናታቸው ቀብር ላይ አለማልቀሳቸው እንደ ጉዳት የሚቆጠር ባለመሆኑ፣ ያቀረቡትን አቤቱታ ክሊኒካችን አልተቀበለውም።»

እታለሜ፣ እንዲህ ብለው ጻፉልኝ። አንድ ቃል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ይህን ከሰላምታ በፊት ማስቀደሜን ይቅር በይኝና፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ፍልውኃው ረድቶሻል ወይስ ወንዛዬ ድረስ መንገላታት ብቻ ሆነ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ትዳሬ ከፈረሰ በኋላ እንቅልፍም ምግብም እንቢ ቢለኝ የድባቴ መድኃኒት መጀመሬን አንቺ አታውቂም። ለማንም አልነገርሁም፤ «አበደ» የሚለውን ቃል አገራችን እንዴት እንደሚወደው ታውቂያለሽ። አልጠቀመኝም አልልም፤ ከአልጋ አስነሥቶኛል። ነገር ግን ደስታንም ሐዘንንም ከሰው አርቆ እንደሚያስቀምጥ፣ ዕንባ እንደሚያደርቅ ሐኪሙ አንድም ቀን አልነገረኝም። አምና ለቀብሩ ካደግንበት ቤት ጋሳይ ስደርስ የእናታችን አስከሬን እየወጣ ነበር። አጠገብሽ ቆምሁ። ደረቴን ልመታ እጄን አነሣሁ፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ያን ጊዜ አልቃሿ እቴነሽ በሰው ሁሉ ፊት አወረደችው፦

ዝናብ የለም አሉ እዚያ ደብረ ታቦር፣
ልጇ ደርቆ መጣ እናቱ ስትቀበር።

ሴቶቹ ተቀበሏት። አንቺም ተቀበልሽ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ብንገናኝ ፊትሽን ወደ መስኮቱ ታዞሪያለሽ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ብነግረው «ታዲያ መድኃኒቱ ሠራልዎት ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ። አቤቱታዬን የጻፍሁት ያን ዕለት ነው። ካሳ አልጠየቅሁም። ሳያስጠነቅቁኝ እንደሰጡኝ አምነው፣ ማኅተም አድርገው እንዲጽፉልኝ ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ ወረቀቱን በሙት ዓመቷ ዕለት፣ ሰዉ በተሰበሰበበት ቆሜ ላነበው። እንቢ ስላሉ ልከሳቸው ተነሣሁ። ጠበቃው ይርጋ ግን፣ «ጋሼ፣ በሬ ቢሞትብዎት ዋጋውን አስገምተን እንከስ ነበር። ዕንባን ማን ይገምትልናል?» አለኝ።

«እኅቴ ትገምታለች» አልሁት። «አባታችን ሲቀበር ጉድጓዱ ውስጥ ልገባ ስል በነጠላዋ አስራ የያዘችኝ እሷ ናት።»

ምስክር አድርጎ አንቺን ጽፎ ክሱን አስገባልኝ፤ ትናንት ግን ደውሎ ፍርድ ቤቱ እንዳልተቀበለው ነገረኝ። «ከእንግዲህ ምስክር አያስፈልግም፣ ጋሼ» አለ።

እኔን ግን ያስፈልገኛል። በአባታችን ቀብር ያየሽውን፣ እናቴን እወዳት እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ በራስሽ እጅ ጽፈሽ፣ ስምሽን ፈርመሽ ላኪልኝ። በሰው አፍ የሚላክ መልስ አልቀበልም። ገበያ ለሚወጣ ሰው «ደህና ነች በሉት» ብለሽ መላክ መልስ አይደለም።

ነፍሷን በአብርሃም ጎን ያሳርፍልን። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ቤትሽን ኢየሱስ ይጠብቀው።

መልስሽን በጽሑፍ እስከ ግንቦት 9 ቀን እጠብቃለሁ። ሙት ዓመቷ ግንቦት 12 ነው፤ ከቤተ ዘመድ ጋር እንደምቆም ወይም ከእንግዳው ጋር፣ ቀድሜ ማወቅ አለብኝ።

ወንድምሽ